የአረርቲ ነፋስና የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ

አረርቲ የገባሁት በታኅሣሥ፣ ጤፍ ተወቅቶ በሚጠራበት ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል የሚመጣ ሰው የአዳማውን መንገድ ትቶ ወደ ግራ ይታጠፍና ኤጀሬን አልፎ ወደ ምንጃር ሸንኮራ ሜዳ ይዘልቃል። እኔ ደገኛ ነኝ፤ እንጀራዬም ፊዚክስ ማስተማር ነው። ደብረ ብርሃንም አረርቲም ሰሜን ሸዋ ይባሉ እንጂ አየራቸው አይገናኝም። ደብረ ብርሃን 2 ሺህ 800 ሜትር ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ፣ አረርቲ ከእርሷ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ፀሐይ ትሞቃለች። የለበስኩት ጋቢ ገና ከመኪና ሳልወርድ ሸክም ሆነብኝ።

ጉዳዬ የዘመድ ጥየቃ ነበር። ሥራ ግን ሰውን ተከትሎ ይሄዳልና ከከተማዋ ዳር ያለ አንድ አውድማ አቆመኝ። በሬዎቹ አበራይተው ተፈተዋል። ገበሬው ጭዱን በመንሽ ካነሡ በኋላ፣ የቀረውን ፍሬና እብቅ በላይዳ እየዛቁ ወደ ላይ ይበትኑታል። ነፋስ ሲመጣ ይሠራሉ፣ ሲቆም ላይዳቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል፤ እብቁ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይከመራል። በመካከል ላይ በደንብ ያልሞላው፣ ቀጫጫው ጤፍ ያርፋል። እርሱን ለብቻው ጠርገው «ይሄ ለዶሮ ነው» አሉኝ።

ልጃቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ፍሬው ለምን እዚህ ወደቀ? እብቁስ ለምን እዚያ ሄደ?» አልኩት።

«ፍሬው ከባድ ነዋ! ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል» አለ። አባትም «እውነቱን ነው» አሉ።

ከደብተሩ ሁለት ቅጠል አስገነጠልኩት። አንዱን ጨምድዶ እንዲያድቦለቡለው፣ ሌላውን እንደተዘረጋ እንዲይዘው ነገርኩት። ከመልቀቁ በፊት ግን የትኛው እንደሚቀድም አስገመትኩት። ክብደታቸው እኩል ስለሆነ እኩል ይወርዳሉ አለ። የተድቦለቦለው ቀድሞ መሬት ነካ፤ የተዘረጋው እየተንሳፈፈ ወረደ። ቀጥሎ የተዘረጋውን ወረቀት ከእርሱ ሰፋ ያለ መጽሐፍ ላይ ለጥ አድርጎ አስቀመጠና አብረው ለቀቃቸው። ወረቀቱ ወደኋላ ይቀራል ብሎ ነበር፤ ከመጽሐፉ ሳይነጠል አብሮ ወደቀ። ልጁ ያየውን አላምን ብሎ ደጋግሞ ጣለው። በመጨረሻ «አየሩ ነው የሚይዘው!» አለ።

የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር አየሩም አብዝቶ ይገፋዋል። ግፊቱ ከክብደቱ ጋር እኩል ሲሆን ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል። እብቅ ለክብደቱ ሰፊ ስለሆነ እዚህ ደረጃ ላይ ወዲያው ይደርሳል፤ ዝግ ብሎ ሲወርድ ነፋሱ ይወስደዋል። ጤፍ ቅንጣቷ ቢያንስም ጥቅጥቅ ያለች ናትና ከእብቁ ፈጥና ትወርዳለች። ይህን ስናገር የሰሙት አባት «ለዚህ ነዋ ነፋስ ሲበረታ ዝቅ አድርጌ የምበትነው» አሉ። ከፍ ብሎ የተበተነ አየር ላይ ብዙ ይቆያል፤ ብዙ ከቆየ ፍሬውም ከእብቁ ጋር ይሄዳል። እኔ በሰሌዳ ላይ በቀስትና በፊደል የማስረዳውን እርሳቸው በክንዳቸው ከፍታ ይቆጣጠሩታል።

አባትና ልጅ ያወቁትን ሁሉ አክብሮ፣ የተሳሳቱትን ደግሞ በወረቀት ማሳየት ይቻላል። ከባድ ነገር ይቀድማል የሚለው እምነት የአሪስጣጣሊስም ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎጶኖስ ክብደታቸው እጅግ የተለያየ ነገሮች ከአንድ ከፍታ ሲለቀቁ የመውረጃ ጊዜያቸው ልዩነት ትንሽ እንደሆነ ጽፏል፤ ከጋሊሊዮ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለበት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ ቢለቅ እኩል ወደቁ። ለልጁ ይህን ስነግረው «ታዲያ ጨረቃ ላይ ጤፍ አይጠራማ!» ብሎ ሳቀ። ከዚህ የተሻለ የፈተና መልስ አላውቅም።

ደብተሩን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ የ«ተርሚናል ቬሎሲቲ»፣ ማለትም የዚያ መጨመሩን ያቆመ ፍጥነት፣ ትርጓሜ በእንግሊዝኛ በንጹሕ ጽሕፈት ተጽፎ አገኘሁት። በቃሉም ይወጣዋል። በአባቱ አውድማ ላይ በየዓመቱ የሚያየው ነገር እንደሆነ ግን የነገረው አልነበረም። ይህ የአንድ ልጅ ችግር አይደለም። በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው የፕላዝማ ትምህርትም ሙከራውን በቴሌቪዥን ያሳይ ነበር እንጂ ተማሪው እጅ ላይ አያስቀምጥም ነበር። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ሳይነኩ መሸምደድ ግን አንዱ ስለመሆኑ ክፍል ውስጥ የማስተምር መምህር ነኝና ልመስክር።

አመሻሹ ላይ ከብት የሚመልስ እረኛ ከገለባው ማዶ ጅራፉን አጮኸ። ክንዱ ሲወርድ አየሁ፤ ጩኸቱ ዘግይቶ ደረሰኝ። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ርቀቱን በገመድ ለክቶ፣ መዘግየቱን በስልክ የሰዓት ቆጣሪ ይዞ፣ አካፍሎ ፍጥነቱን ማግኘት ለማንም ተማሪ ይቻላል። ርቀቱ በበዛ ቁጥር የእጅ መዘግየት የሚያመጣው ስሕተት ያንሳል። የጅራፉ ጩኸት ራሱ ሌላ ትምህርት አለው። ጅራፍ ከእጀታው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የክንድ ጉልበት ወደ ቀጭኑ ሲተላለፍ ፍጥነቱ ይጨምርና ጫፉ ከድምፅ ይቀድማል። የምንሰማው ፍንዳታ ያ ነው። የቡሄ ልጆች አውሮፕላን ሳይፈለሰፍ የድምፅን ፍጥነት በገዛ እጃቸው ሲያልፉ ኖረዋል።

ያደርኩበት ቤት እመቤት ከደብረ ብርሃን አካባቢ የተዳሩ ናቸው። «እዚያ ባቄላው እንቢ ይል ነበር፤ እዚህ ሽምብራው ሳይቀር ቶሎ ይበስላል» አሉኝ። እውነት ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በደብረ ብርሃን በ90 ወይም በ91 ዲግሪ፣ በአረርቲ በ94 ዲግሪ አካባቢ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር እንፋሎቱን ያበዛል እንጂ ውሃውን አያሞቀውም፤ ማገዶ ለሚሸከም ቤተሰብ ይህ እውቀት ገንዘብ ነው። አየር ሲሳሳ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ለመፍላቱ ማሳያው ደግሞ መድኃኒት ቤት አለ። መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ውስጥ ሻይ በሚጠጣበት ሙቀት ያለ ውሃ በጥቂቱ ሳቡ፤ አየሩን አስወጥታችሁ አፉን በጣት ድፈኑና መግፊያውን ወደኋላ ጎትቱት። እሳት ሳይነካው ውሃው ሲፈላ ታያላችሁ።

ማታ የቀረበው ሽምብራም የራሱ ምዕራፍ አለው። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት የሽምብራ ዝርያዎች አንዱ «አረርቲ» ይባላል። ሽምብራ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ በጥቁር አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ውሃው በአፈሩ ጠባብ ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ሥሩ ይደርሳል። ላምባ በኩራዝ ክር ወደ ላይ የሚወጣውም በዚሁ ሕግ ነው፤ የጨርቅ ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሮ መጠበቅ ብቻ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አቋም አንድ ነው። አውድማ፣ ጅራፍና ድስት በራሳቸው ፊዚክስ አይሆኑም፤ ቢሆኑማ ገበሬው ሁሉ ፊዚሲስት በሆነ። የሚያስተምሩት ተማሪው አስቀድሞ ሲገምት፣ ግምቱን ሲፈትን፣ ሲሳሳትም ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። ቀመሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቀመሩን አስቀድሞ ማሳያውን ማስከተል ልጁን ማመን እንጂ መመርመር አያስለምደውም።

ለአረርቲ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ፣ በከተማችሁ አናት ላይ ታልፋለች። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛበት ሚያዝያን ምረጡ። የአንድ ሜትር እንጨት በግቢው መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። የእጅ ሰዓት ስድስት ሲል አትቸኩሉ፤ ጥላው የሚጠፋው 20 ደቂቃ ያህል አልፎ ነው። መቀሌ ከአረርቲ በቀጥታ ወደ ሰሜን፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። እዚያ ያለ መምህር በዚያው ሰዓት ተመሳሳይ እንጨት ቢተክል ጥላው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ፀሐይ ከአናት አራት ዲግሪ ተኩል አካባቢ ማዘንበሏን ያሳያል። የክብ 360 ዲግሪ ለአራት ተኩል ሲካፈል 80 ነው፤ በ500 ሲባዛ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ የመሬት ዙሪያ ማለት ነው። ኤራቶስቴንስ እስክንድርያ ተቀምጦ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሠራው ይህንኑ ነበር። ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ ሁለት እንጨትና አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ ዘንድሮ ደውሉ።