የሰባት ሽልንግ ትምህርት ቤት

ባለቤቴ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የተማረው መርሐቤቴ ውስጥ፣ ሰዎች ለሰዎች ባሠራው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት የነበረበት ክፍል ግድግዳው ጭቃ፣ መቀመጫው ድንጋይ ነበር። ይህን ሲያወራ ልጆቻችን ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ፈረንጁ በጣም ሀብታም ነበር?»

ካርል ሃይንዝ በም ሀብታቸውን ይዘው የመጡ ሰው አይደሉም። በ«ሲሲ» ፊልሞች ላይ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆነው የሠሩ ተዋናይ ናቸው። ግንቦት 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ፕሮግራም ላይ ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ በሳህል ለተቸገሩ ሰዎች አንድ ማርክ፣ አንድ የስዊስ ፍራንክ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሽልንግ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። ረቱ፤ ሲሶው አልሰጠም። እንዲያም ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። እሳቸውም ገንዘቡን ይዘው ኢትዮጵያ መጡና ሥራውን ሐረርጌ ውስጥ፣ ኤረር ሸለቆ ላይ ጀመሩ። ድርጅቱ እስከ ዛሬ ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶች አሠርቷል፤ ሐረር ያለው የቴክኒክ ኮሌጅም የእሱ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሳንቲሙ ነው። ለዕድር ከምናዋጣው የማይበልጥ ገንዘብ፣ መርሐቤቴን በካርታ ላይ እንኳ ፈልገው ከማያገኙ ሰዎች ኪስ ወጥቶ የባለቤቴ ጥቁር ሰሌዳ ሆነ። ደግሞ ሁሉም ከውጭ አልመጣም። ድንጋዩን በአህያ ያመላለሱት አማቼና ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ባለቤቴን ስለ ሕንጻው ብትጠይቁት ግን የሚያነሳላችሁ የሴቶቹን መጸዳጃ ቤት ነው። ታላቅ እህቱ ጉርምስና ሲጀምራት ትምህርቷን ትታ ቀረች። ታናሿ በአዲሱ ግቢ ስምንተኛን ጨረሰች፤ ዛሬ ነርስ ናት።

አምና አዲስ አበባ ያሉት የአካባቢው ተወላጆች ተሰበሰቡ። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉት ዴስኮች ተሰባብረዋል። የመጀመሪያው ሐሳብ «ለጀርመኖቹ እንጻፍ» የሚል ነበር፤ ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨቡ አልጣመኝም። መለመን ነውር ነው ብዬ አይደለም፤ ግቢውን በመኪና የሞላነው እኛው ስለሆንን ነው። ስብሰባ ላይ መናገር የማይወደው ባለቤቴ ተነሥቶ፣ «እዚያ የተማረ እጁን ያውጣ» አለ። ከሲሶ የሚበልጥ እጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ደብዳቤው ያነሳ የለም፤ በወር አምስት አምስት መቶ ብር ለማዋጣት ተስማማን። ልጆቻችን ለትምህርት ቤት ሰርቪስ ከምንከፍልላቸው በብዙ ያንሳል።

የመጀመሪያዎቹ አርባ ዴስኮች በጥቅምት ተጭነው ሄደዋል። ለቀሩት ግን ገንዘቡ አልሞላም። ገንዘብ ያዡ ባለቤቴ ስለሆነ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ዝርዝሩን ይዞ ይደውላል። ግማሹ ስልክ አያነሳም።