ገንዘቤ የት ነው ያለው?

በባንክ መስኮት ጀርባ ለተቀመጠ ሰው ከቃላት ሁሉ የሚከብደው «የለም» የሚለው ነው። «ሒሳብዎ ውስጥ ገንዘብ የለም» ማለት ቀላል ነው፤ ደንበኛው አስቀድሞ የሚያውቀው፣ ቢያንስ የሚጠረጥረው ነገር ነውና። «ሲስተም የለም» ማለት ግን ሌላ ነው። ገንዘቡ አለ፤ ባለቤቱ አለ፤ መታወቂያው አለ፤ ካዝናው ውስጥ ጥሬ ብሩም አለ። ነገር ግን እነዚህን አራቱን የሚያገናኛቸው፣ በዐይን የማይታይ አንድ ክር ተበጥሷል። እኔ እንግዲህ ኑሮዬ በዚያ ክር ላይ የተንጠለጠለ፣ ቀን ቀን የባንክ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ ስንኝ ቋጣሪ የሆንሁ ሰው ነኝ።

ቱምን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅማንና ቦንጋን አልፎ ሚዛን ተፈሪ ይድረስ፤ እዚያም ይደር። በማግሥቱ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዙር። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ የሙዝ ቅጠሉ አጅበው ይሸኙታል። ጀሙን አልፎ የማጂ ተራሮች ከፊቱ ሲቆሙ ደርሷል ማለት ነው። ዲዚው፣ ሱሪው፣ ሜኢኒቱ በገበያ ቀን የሚገናኙበት፣ በምዕራብ ኦሞ ዞን ያለ አገር ነው። ከ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ሆኗል። ለእኔ ግን፣ ዝናብ ሲጥል መንገዱ የሚጨቀይበት፣ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ተራራው ከነስሙ የሚጠፋበት የእንጀራዬ አገር ነው።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ አንዲት እናት ወደ መስኮቴ መጡ። ነጠላቸው በጤዛ ረጥቧል፤ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥተው በእግር እንደ መጡ እግራቸው ይናገራል። አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ገንዘብ ልኮላቸዋል። የልጅ ልጃቸው ትኩሳት ይዞት አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሚዛን ሆስፒታል ሊወስዱት ነው።

«እማማ፣ ሲስተም የለም፤ እስቲ ትንሽ ይጠብቁ» አልኋቸው።

ጠበቁ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በየጥቂት ደቂቃው ኮምፒውተሩን እነካካለሁ፤ የምትሽከረከረው ትንሽ ክብ ዐይኔ ሥር ትሽከረከራለች። ልንዘጋ ስንል ተነሥተው ወደ መስኮቱ ቀረቡና፣ ቁጣ በሌለበት፣ ለማወቅ ብቻ በሚጠይቅ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ገንዘቤ የት ነው ያለው? አዲስ አበባ ቀርቷል ወይስ እዚህ ደርሷል?»

አፌን ከፈትሁ፤ መልስ አጣሁ። በዲግሪ የተመረቅሁ፣ በቁጥር የምተዳደር ሰው ለዚህች ጥያቄ አንዲት ቃል አልነበረኝም። ገንዘቡ አዲስ አበባም አልቀረም፤ ቱምም አልደረሰም። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንደ እሳቸው ሲጠብቅ የዋለ አንድ ቡና ነጋዴ ግን ከኪሱ የተጠቀለለ ብር አወጣና «እንኩ እናቴ፤ ሲከፈት ይመልሱልኛል» አላቸው። ወረቀት አልጻፈ፤ ምስክር አልጠራ። ሴትዮዋ መርቀውት ወጡ። በካዝናው አጠገብ የተቀመጥሁት እኔ፣ የገዛ ኪሴን እንኳ ለመዳበስ አላሰብሁም ነበር። ያ ኀፍረት እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው።

ያን ዕለት ማታ ብዕሬን አነሣሁ። «ብርሃን» በሚለው ቃል ውስጥ «ብር» መኖሩን ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። የዛሬው ገንዘብ በእርግጥም በብርሃን ይጓዛል፤ ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ፣ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ ሚዛን ተፈሪ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ቢባል፣ ብርሃኑ ይህን የሚያቋርጠው ዐይን ከሚጠቀስበት ቅጽበት ባነሰ ጊዜ ነው። ከአንድ መስመር በላይ ግን መጻፍ አልቻልሁም። በስንኙ ፈንታ የእማማ ጥያቄ ይመጣብኛል።

ከዚያ ክር ጋር የተዋወቅሁት በልጅነቴ ነው። ያን ጊዜ ሚዛን ተፈሪ ስልክ የሚመጣው በመጥሪያ ነበር። የቴሌ መልእክተኛ ቁራጭ ወረቀት ይዞ ቤት ያንኳኳል፤ «ነገ በአራት ሰዓት ይደወልልዎታል» ይላል። አባቴ በማግሥቱ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ይሄዳል። ለሦስት ደቂቃ ንግግር ግማሽ ቀን ይሰጣል፤ ሲመለስም የሰማውን ለሳምንት ያህል ይተርክልናል።

ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ደግሞ «ፕላዝማ» መጣ። የእኔ ዘመን ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት «ወረዳ ኔት» እና «ስኩል ኔት» የተባሉትን መረቦች ሲዘረጋ፣ ወረዳዎችንና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ያገናኘው በአብዛኛው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል። የሒሳብ መምህራችን ድምፅ ያንን ሁሉ ወጥቶ፣ ያንን ሁሉ ወርዶ ክፍላችን ይደርሳል። መብራት ሲጠፋ ግን ያ ሁሉ ጉዞ በመጨረሻዋ አንድ ሜትር ላይ ይቀራል፤ እኛም የጠቆረው መስታወት ውስጥ የገዛ ፊታችንን እያየን እንቀመጣለን። የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ከ36,000ው ኪሎ ሜትር እንደምትረዝም ያወቅሁት እዚያ ነው።

ይህን ክር ማን ይዘርጋው? ወጪውንስ ማን ይሸከመው? ጥያቄው የመሐንዲስ ይመስላል፤ በእኔ ዐይን ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው።

በአገራችን ለረጅም ዘመን መልሱ አንድ ነበር፤ መንግሥት ብቻ። በ1999 ዓ.ም. ከቻይናው ዜድ ቲ ኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ፤ መሣሪያውንም ብድሩንም ያቀረበው ኩባንያው ነበር። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሁዋዌና ዜድ ቲ ኢ የተካፈሉት የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። አዋጅ ቁጥር 1076/2010 የመንግሥትና የግል ዘርፍ አጋርነትን ደነገገ፤ አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን አገልግሎቱን ለውድድር ከፈተ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ያለበት ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ማብቂያም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። በዚያው 2013 ግንቦት ቴሌብር ሥራ ጀምሮ ነበርና፣ ገንዘብ ከእኛ መስኮት ወጥቶ ወደ ሰው መዳፍ መግባት ጀመረ። የአጋርነቱ መልክም ታየ። ከፍተኛ ኃይል በሚያስተላልፉት የመብራት ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋው የሕዝብ ፋይበር ለቴሌኮም ድርጅቶች ይከራያል፤ ተፎካካሪዎች ማማ ይጋራሉ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን እኔ የባንክ ሰው ነኝና የነጋዴን ስሌት አውቃለሁ፤ አልወቅሰውምም። ነጋዴ ክር ሲዘረጋ በኪሎ ሜትር ስንት ደንበኛ እንዳለ ይቆጥራል። በከተማ አንድ ሕንፃ ውስጥ መቶ ከፋይ አለ፤ በእኛ ተራራ ግን አንድ ቤት ከሌላው ቤት የሚገናኘው በሸለቆ ነው። መንግሥት ብቻውን ሲሠራ ደግሞ ዕዳው ከቀዬው ይገዝፋል፤ ምረቃው ካለፈ በኋላ ጥገናውን የሚያስታውሰው ይጠፋል። አንዱ አይመጣም፤ ሌላው መጥቶ ይረሳል።

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። ሀብታሟ አየርላንድ እንኳ ኩባንያዎች አያዋጣንም ብለው የተዉአቸው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የገጠር ቤቶችና ተቋማት ነበሯት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 መንግሥቷ ከአንድ የግል ድርጅት ጋር ውል ገባ። ድርጅቱ መረቡን ይዘረጋል፣ ያስተዳድራልም፤ መንግሥት ደግሞ ሥራው እየታየ የማያዋጣውን ክፍተት በድጎማ ይሞላል። ወጪው ብዙ አከራከረ። ነገር ግን ቁም ነገሩ ውሉ የሩቁን ቤት ከስሌቱ ውጭ ያላደረገው መሆኑ ነው። ይህንን እኛ በሌላ ስም እናውቀዋለን። ደቦ የወጣ ሰው ማሳው ሩቅ ነው ተብሎ ተራው አይዘለልም፤ ሩቅ ከሆነ ቀደም ብሎ መነሣት ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚደንቀኝን አንድ ነገር ላንሣ። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አርኖልድ ሆድሰን የተባለ እንግሊዛዊ ቆንስል እዚሁ ማጂ ተቀምጦ ነበር፤ ስለዚህ አካባቢና ስለ አንበሳ አደን መጽሐፍም ጽፏል። ይህ ሰው ቆይቶ የሴራሊዮን፣ ከዚያም የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ ገዥ ሆነ፤ ፍሪታውን ላይ እ.ኤ.አ. በ1934፣ አክራ ላይ በ1935 በሽቦ የሚተላለፍ ሬዲዮ አስጀመረ። የቅኝ ገዥ ሥራ ነውና ላሞግሰው አልነሣሁም። ብቻ ከደብዳቤ በቀር ድምፅ በማይደርስበት በዚህ ተራራ ላይ ዓመታት የተቀመጠ ሰው፣ ሥልጣን ሲያገኝ ሽቦ መዘርጋቱን እንደ አጋጣሚ ብቻ ማየት ይከብደኛል። ሩቅ መሆንን ያወቀ ሰው የክርን ዋጋ ያውቃል።

ስለዚህ ውል የሚጽፉ ሰዎች ሆይ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ የሚለምናችሁ ትንሽ ነገር ናት። የተዘረጋውን ኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩ፤ መስመሩ የሠራበትንም ሰዓት ቁጠሩ። ክፍያው የቱም መስኮት ክፍት በዋለባቸው ቀናት ልክ ይሁን። አንዱ መስመር ሲበጠስ ሌላው የሚደርስበትን መንገድ ከመጀመሪያው አብራችሁ ጻፉ። ጥገናውን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅም አሠልጥኑ፤ ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ ዝናብ ያዘኝ ማለቱ አይቀርምና።

ሲስተሙ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተመለሰ። እማማ ግን አልነበሩም፤ ሚዛን ሄደዋል። በዘጠነኛው ቀን መጡ። ልጁን አዝለውታል፤ ከስቷል፣ ነገር ግን ሙዝ ይበላል። ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኋቸው። ብሩን ስሰጣቸው መጀመሪያ ያደረጉት የነጋዴውን ድርሻ ቆጥረው በመሐረባቸው አንድ ጫፍ ለብቻው መቋጠር ነበር። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«እንዲያው ያን ዕለት የት ውሎ ኖሯል?»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያሰብሁበትን መልስ ሰጠኋቸው። «መንገድ ላይ ነበር፣ እማማ።»

ልጁን በጀርባቸው ላይ አስተካከሉና ፈገግ አሉ።

«መንገድ ላይማ እኔም ነበርሁ» አሉኝ። «እኔ ግን ደረስሁ።»