ጥሩንባው ሲነፋ የት ነበርን?

ሰው ስለ ሌላው የጻፈው ወቀሳ ተመልሶ የራሱ ሆኖ ሲገኝ የሚያሳፍረውን ያህል ምን ያሳፍረዋል? እኛ በ2015 ዓ.ም. ይህን እፍረት በተወለድንባት በውርጌሳ ቀምሰነዋልና፥ ለልጆቻችሁ ይጠቅም እንደ ሆነ እንተርክላችኋለን።

በዚያ ዓመት ለማኅበረሰብ መሪነት በተዘጋጀ የስድስት ወር ሥልጠና ተመርጠን፥ ግማሹን ጊዜ በአዲስ አበባ ተማርን፤ የቀረውንም በትውልድ አገራችን በሥራ እንድንገልጠው ታዘዝን። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጐዳና፥ በውጫሌና በመርሳ መካከል የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከአውቶቡስ ስንወርድ ቦርሳችን በመጻሕፍት፥ ልባችንም በራሱ ግምት ሞልቶ ነበር።

በደረስን በሳምንቱ «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚል ርእስ ሰጥተን ስብሰባ ጠራን። በዚያ ቀን ማለዳ ጥሩንባ ሲነፋ ሰምተን ነበር፤ ነገር ግን ወረቀት እናሰናዳ ነበርና ልብ አላልነውም። ወንበር ለመዋስ ወደ ቅሬው ብንልክ «ዕቃው ወጥቷል» ተባልን፤ ለምን እንደ ወጣም አልጠየቅንም። እስከ ቀትር ብንጠብቅ የመጡልን ሦስት ሕፃናት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱንም ያመጣቸው ለስላሳ መጠጡ ነው። ማታ ለአሠልጣኞቻችን በላክነው ጽሑፍ «ሕዝቡ ለጋራ ጉዳይ ያለው ንቃት ዝቅተኛ ነው» ስንል ፈረድን።

በማግሥቱ ነገሩ ተገለጠልን። በልጅነታችን ከልጆቿ ጋር ያጐረሰችን ጎረቤታችን ልጇን ቀብራ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በሙሉ ቀብር ውሎ ነበር። ለቅሶ ልንደርስ በገባን ጊዜ እናቲቱ ቀና ብላ «ትናንት ሁሉም ነበረ፤ አንተን ግን ዓይኔ አጣህ» አለችን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ስንወጣ የቅሬው ሰብሳቢ፥ አንድ ሸምገል ያሉ እስላም አባት፥ ተከትለውን መጥተው በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፥ አባትህ በሞቱ ጊዜ ይህች ሴት ሦስት ቀን እንጀራ ጋግራለች። ትናንት ወዳንተ ብንመጣ ልጇን ማን ይቀብርላት ነበር?» አሉን።

በሌላው አገር እድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ስም ይጠራል፤ መዋጮ ይሰበስባል፤ ከቀብር የቀረውንም ይቀጣል። እኛም ቅጣታችንን ከፍለን፥ ከዚያ በኋላ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር የድንኳን ምሰሶ ተሸከምን፥ ለለቀስተኛ ውሃ ቀዳን። እየሠራንም ሽማግሌውን ተመለከትን። በጉባኤ መካከል ከሁሉ በኋላ የሚናገሩት እርሳቸው ነበሩ። መዋጮ ያቃታትን አንዲት ድኃ ሴት ስሟን ሳይጠሩ አለፉ፤ ገንዘቡን ማን እንደ ከፈለላት እስከ ዛሬ አናውቅም። በሦስት ወር ትምህርት ስለ መሪነት ብዙ ጽፈን ነበር፤ እንዲህ ያለውን ግን አልጻፍንም።

የተማረ ሰው ወደ ሕዝቡ ወርዶ እንዲሠራ መታሰቡ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። ከዚያም እጅግ ቀድሞ፥ ከውርጌሳ በስተ ደቡብ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። በገዳም ሥርዓት አዲስ የገባ ሰው አስቀድሞ ረድእ ሆኖ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፤ ሌላው ማዕርግ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኛ ግን ረድእ ሳንሆን መምህር ልንሆን ሽተን ነበር።

ሥልጠናው ሊፈጸም ሲል ሁለተኛ ጽሑፍ ላክን። «ሕዝቡ አልተሳተፈም ማለታችን ስሕተት ነው፤ ከሕዝቡ ጉዳይ የቀረነው እኛ ነን» የሚል ነበር። ስብሰባውንም የቅሬው መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን፥ በቅሬው ድንኳን ሥር፥ ሽማግሌውን አስፈቅደን አደረግነው። ያን ጊዜ ወንበር ጠበበን።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ለመሪነት ሲመረጥ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ከመሸኘታችሁ በፊት የጎረቤቱን ቃሬዛ ተሸክሞ ያውቅ እንደ ሆነ ጠይቁት። የእኛ የምስክር ወረቀት በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የቅሬው የቅጣት ደረሰኝም በአጠገቡ አለ። እንግዳ በመጣ ጊዜ አስቀድመን የምናሳየው ደረሰኙን ነው።