ለአድማጮቼ፣ ስለ ዛሬው ስልክ

ዛሬ ጠዋት የለጠፍሁትን አጭር ቃል አይታችሁ «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙዎች ስለ ሆናችሁ፣ ለእያንዳንዳችሁ በየግል ከምመልስ ነገሩን በአንድነት ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀምጫለሁ። የደወለልኝ ወጣት ትሑትና አነጋገሩ የታረመ ነው፤ «ጋሼ፣ ዘፈኖችዎን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን ገጽዎ ላይ ያለው ቁጥር ለስምዎ አይመጥንም» ካለኝ በኋላ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ መቶ ሺህ ተከታይ ሊያስገባልኝ እንደሚችል፣ የክፍያውን ግማሽ አስቀድሜ በቴሌብር ብልክለት ሥራውን ዛሬውኑ እንደሚጀምር፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ የኮንሰርት አዘጋጆችና ማስታወቂያ ሰጪዎች በየተራ በሬን እንደሚያንኳኩ በትዕግሥት አስረዳኝ። እነዚህ ተከታዮች እነማን ናቸው ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰዎች አይደሉም፤ ግን ሰው ይመስላሉ» አለኝ።

እንጀራው ነውና ልጁን አልተቆጣሁትም፤ ነገር ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ከልቡናዬ አልወጣ አለ። ያለ አሳታሚ፣ ያለ ሙዚቃ ቤት፣ በራሱ ኪስ ስቱዲዮ ተከራይቶ ዘፈኑን በራሱ ስም የሚያወጣ ሰው በዚህ ዓለም ያለው ሀብት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥራውን ሰምቶ «ቀጣዩስ መቼ ነው?» የሚለው ሰው ነው። ማኅበራዊ ሚዲያው አዲስ ነገር በለጠፍን ቁጥር አስቀድሞ ለጥቂት ተከታዮች አሳይቶ፣ እነርሱ ዝም ካሉ ለሌሎቹ ማሳየቱን የሚቀንስ በመሆኑ፣ ጆሮ የሌለውን ጭፍራ በገንዘብ ገዝቶ ማስገባት ማለት በእውነተኛው አድማጭና በዘፋኙ መካከል ግንብ መገንባት ማለት ነው፤ ከጅማ ወይም ከሐረር «ይህ ዘፈን አባቴን አስታወሰኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ከግንቡ ወዲያ ማዶ ቀርቶ፣ ዘፋኙ ግን ከወዲህ ሆኖ በውዳሴ ከንቱ ይደሰታል።

እናቴ የእመቤታችን የጽዋ ማኅበርተኛ ነበረች። ወር በገባ በ21 ተራው የእኛ ቤት የሆነ ጊዜ፣ ጠላው ከዋዜማው ይጠልላል፣ ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል፣ ካህኑ ዳቦውን ባርከው ከቆረሱ በኋላ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል፤ እኔ ግን በልጅነቴ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማስተውለው የማኅበሩን መሪ፣ ሙሴውን፣ ነበር። ሙሴው ዐይናቸውን በተቀማጮቹ ላይ አንድ ጊዜ አዙረው የጎደለውን ሰው ያውቃሉ፤ «እገሊት ለምን ቀረች?» ሳይባልና መልሱ ሳይታወቅ ማኅበሩ አይበተንም፤ የቀረችው ታማ እንደ ሆነ በማግስቱ ትጠየቃለች፣ ሐዘን ደርሶባት እንደ ሆነ አብረዋት ይቀመጣሉ፣ የዳቦዋም ድርሻ ተሸፍኖ ይላክላታል። ያ ማኅበር ሁለት መንግሥት ሲወድቅ ሳይበተን የኖረው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሰው ሲቀር የሚታወቅበት በመሆኑ ነው።

እኔም አድማጮቼን እንዲሁ መያዝ ይገባኛል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ያን ሰማያዊ ደብተር የምይዘውም ስለዚህ ነው። በደብተሩ ውስጥ ስም፣ ከተማ፣ የወደዱት ዘፈንና የጻፉልኝ ነገር አለ። ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እኅታችን ዐርብ ዕለት፣ የዕረፍት ቀኗ ነውና፣ በድምፅ መልእክት ሰላም ትለኛለች፤ ሁለት ዐርብ ድምፅዋን ካጣሁ በሦስተኛው እኔ እጠይቃታለሁ። ደሴ ያሉት የቅኔ መምህር አዲስ ግጥም በላክሁላቸው ቁጥር እንደ ደቀ መዝሙራቸው ያርሙኛል፤ አንድ ጊዜ «ሰሙ መልካም ነው፣ ወርቁ ግን ገና ከአፈሩ አልወጣም፤ ቆፍር» ብለው ጽፈውልኝ፣ ሌሊቱን ስቆፍር አድሬ በእውነት የተሻለ ቤት አግኝቼአለሁ። አዲስ ዘፈን ሲያልቅ ዩቲዩብ ላይ ከመውጣቱ በፊት አስቀድሞ የሚደርሰው ለእነዚህ ነው፤ እነርሱም ሲወዱት ለወንድማቸው፣ ለጎረቤታቸው፣ ለሥራ ባልደረባቸው ያሰማሉ፤ ደብተሩም የሚሰፋው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገረው ባልፍ የሚያንቀኝ አንድ ነገር አለ፤ ስለ ሬዲዮው ነው። ያለፈውን ዘፈኔን መግቢያ የተጫወቱት አባት፣ ማሲንቆን ከአባታቸው የተማሩ ጎንደሬ፣ ወደ ስቱዲዮው የመጡ ዕለት ወዲያው ወደ ማይክሮፎኑ አልቀረቡም። አስቀድመው የደጋኑን ጭራ በዕጣን ቀስ ብለው አሹት፤ የፍየል ቆዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከጎረቤት የወፍጮ ቤት ድምፅ ይመጣ ነበርና ወፍጮው እስኪቆም ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ከዚያም በአንቺሆዬ ያን የምታውቁትን መግቢያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳያቋርጡ ተጫወቱት። ይህን ዘፈን አንድ ጣቢያ ያጫወተው ጊዜ፣ አቅራቢው ማሲንቆው እንደ ጀመረ ስለ አፓርታማ ሽያጭ መናገር ጀመረ፤ ከአፓርታማው ወደ ሳሙና፣ ከሳሙናው ወደ ስልክ ቁጥር ተሻግሮ ወሬውን የጨረሰው እኔ መዝፈን ስጀምር ነው፤ የመጨረሻው ቤት ሊመጣ ሲልም ዜና ደርሷል ተብሎ ዘፈኑ ተቆረጠ። የሰው ድምፅ ያለበት ብቻ ዘፈን የሚመስለው፣ የመሣሪያውን መግቢያ ግን ማስታወቂያ የሚነጠፍበት ባዶ ሜዳ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ስለ ምን የሙዚቃ ዝግጅት እንደሚይዝ አይገባኝም! እኒያ አባት በዚያ ሰዓት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሬዲዮውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁና። እኔ ምንም ሳልጠይቃችሁ ለጣቢያው እየደወላችሁ ዘፈኑ ሙሉውን እንዲጫወት ጠየቃችሁ፤ የደሴው መምህርም ደውለው «ሰሙን አሰምታችሁ ወርቁን ቆርጣችሁ አስቀራችሁት፤ የተረፈውን መልሱ» ማለታቸውን ከስልክ ተቀባይዋ ሰማሁ፤ እርሷም ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። በሳምንቱ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ጭራ ምት እስከ መጨረሻው ቤት ያለ አንዲት የአቅራቢ ቃል ተጫወተ። ሰው የሚመስሉት መቶ ሺዎች ቢሆኑ ከመካከላቸው ስልክ የሚያነሣ አንድ እንኳ አይገኝባቸውም ነበር።

አድማጭን ብቻ ተማምኖ መሥራት በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምኃ እሸቴ የተባለው ወጣት በ1969 እ.ኤ.አ. ክልከላውን ተላልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ስም ባሳተመ ጊዜ፣ ከኋላው የቤተ መንግሥት ድጋፍም ሆነ የመንግሥት በጀት አልነበረውም፤ ሸክላውን መጀመሪያ በህንድ፣ ኋላም በሊባኖስ እያሳተመ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን ያወጣው፣ ከሱቁ ገብቶ ገንዘቡን ከፍሎ የሚወጣውን ሰው ተማምኖ ነው። ከእርሱም በኋላ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑንና ኤሌክትሪክ ፒያኖውን ይዞ በዋሽንግተን ብቻውን አንድ ካሴት ከቀረጸ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከመድረክ ርቆ ታክሲ ሲነዳ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደ ገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። እኔን የሚገርመኝ ሰብሳቢው አይደለም፤ በእነዚያ 28 ዓመታት ውስጥ ካሴት በሲዲ፣ ሲዲም በፍላሽ ሲተካ፣ ያችን ካሴት አቧራዋን እየጠረገ ሳይጥል ያቆየው እጅ ነው። ለእንደዚያ ያለው እጅ ነው የምዘፍነው።

በቅርቡ የጀመራችሁ ልጆች «አድማጭ እንዴት ይያዛል?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። ቀን ከቆረጣችሁ በዚያው ቀን አውጡ፤ አድማጭ እንደ ማንኛውም ሰው ቃል ሲታጠፍበት ያዝናል፣ አዝኖም ሳይናገር ይሄዳል። ዘፈን በማይወጣበት በዐቢይ ጾም ወራት እንኳ አትጥፉ፤ ብዙው አድማጭ ጆሮውን ከዘፈን በሚሰበስብበት በዚያ ጊዜ ዘፈን አትላኩበት፣ ሰላምታ ግን አትንፈጉት፤ እንዴት ጾምህ፣ እንዴት ሰነበትህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ሙስሊሙንም በረመዳን እንዲሁ። አዳራሹ ትንሽ ሆኖ ወንበሩ ቢሞላ፣ ከሰፊ አዳራሽ ባዶ ወንበር ይበልጣልና፣ መድረካችሁን በሰዋችሁ ልክ አድርጉት፤ ዘፈኑ ሲያልቅም በጓሮ በር አትውጡ፤ ከበሩ ላይ ቁማችሁ የመጣውን ሁሉ በስሙ አሰናብቱ፤ ስሙን የማታውቁትንም ጠይቁትና ጻፉት።

አዲሱ ዘፈን ዐርብ ማታ ለደብተሩ ሰዎች ይላካል፤ ለሌላው ሁሉ እሑድ። መግቢያውን የተጫወቱት እኒያው አባት ናቸው፤ ከቀድሞውም ይረዝማል። ስልክ ቁጥራችሁን የለወጣችሁ፣ በተለይ ከቤይሩት ወደ ሌላ አገር የተሻገራችሁ እኅቶች፣ እስከ ሐሙስ አዲሱን ላኩልኝ። የሐዋሳው ወንድሜ፣ ከጥምቀት ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም፤ ደኅና ነህ ወይ?