የራያ ቆላ በአርባ እጥፍ ዓይን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ወልድያን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ምድሩ ይከፈትለታል። እስከዚያ ድረስ ዳገቱና ቁልቁለቱ፥ ገደሉና ጥምዝምዙ ሲያደክመው የቆየው መንገድ በጎብዬና በሮቢት በኩል ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። በስተምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር በረሓ ይለዩታል። በሁለቱ መካከል የተኛው ሜዳ የራያ ቆላ ነው። ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ቆቦ ይደረሳል።

አገሩ የማሽላ አገር ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አፈር ተሸክሞ እየመጣ በሜዳው ላይ ሲያሳርፍ ኖሯል፤ ገበሬውም ያንን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ እርሻው መምራት ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ሆርማትና ጎሊና ክረምት ሲሆን የሚፎክሩ ወንዞች ናቸው። በጋ ሲገባ ግን የጎሊና አልጋ ሰፊ አሸዋ ይሆናል፤ በወዲያኛው ዳር የሚሄድ ሰው በወዲህኛው ዳር ለቆመ ጉንዳን መስሎ ይታየዋል።

ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደዚህ አገር የሚመጣ ሰው የሚቸገረውም በዚሁ ነው። ላሊበላ ቢሄዱ ቤተ ክርስቲያኑ ከፊትዎ ነው፤ ጎንደር ቢሄዱ ግንቡን በእጅዎ ሊዳስሱት ይችላሉ። በራያ ቆላ ግን ደስ የሚያሰኘው ነገር ሁሉ ሩቅ ነው። ማማው በማሽላው መካከል ነው፤ ግመሉ በዞብል ግርጌ ነው፤ ጭልፊቱ ከግራሩ ጫፍ ላይ ነው። በኪስ ስልክ ቢያነሡት ግመሉ የጤፍ ፍሬ አክሎ ይወጣል፤ ለወዳጅዎ ሲያሳዩም «ይቺ ነጥብ ግመል ናት» እያሉ ማስረዳት ሊኖርብዎ ነው።

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ወደ ቆቦ ስሄድ ከጓዜ ጋር የያዝሁት ካሜራ ኒኮን ኩልፒክስ ቢ500 የሚባለው ነው። ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ሲቀርብ በአሜሪካ ዋጋው 300 ዶላር ያህል ነበር። ክብደቱ ከነባትሪው 540 ግራም ያህል ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ስኳር ጥቂት ይበልጣል። ሌንሱ አይነቀልም፤ ነገር ግን ከ4 ሚሊ ሜትር እስከ 160 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ይህም በቀድሞው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ልክ ሲሰላ ከ22.5 እስከ 900 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። አርባ እጥፍ የተባለው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው አርባ እጥፍ ሲባል ዓይን ከሚያየው ይልቅ አርባ ጊዜ የቀረበ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም፤ አርባው የሚቈጠረው ከሰፊው መነሻ ላይ ነው። የሰው ዓይን አተያይ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይቀርባል ብንል ይህ ካሜራ የሚያቀርበው 18 ጊዜ ያህል ነው። እርሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሌንሱ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ቢያነጣጥሩት በሥዕሉ ውስጥ የሚገባው ስፋቱ 4 ሜትር፥ ቁመቱ 3 ሜትር የማይሞላ ቦታ ብቻ ነው። የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራሱ የሥዕሉን ቁመት ከግማሽ በላይ ይዞ ይታያል ማለት ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 40 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ፥ ይኸውም አንድ ጎጆ ከነግቢው ይገባል።

ባለሙያዎቹ ለዱር አራዊት የሚይዙት የኒኮን ባለ 600 ሚሊ ሜትር ትልቅ ሌንስ ለብቻው ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ዋጋውም እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ከ12,000 ዶላር በላይ ነበር። ታዲያ ትንሹ ካሜራ እንዴት አድርጎ ከዚያ አልፎ ያያል ቢሉ ምሥጢሩ ያለው በውስጡ ካለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ከጣት ጥፍር ያነሰ ነው፤ ስፋቱ ከትልቁ ፊልም ሠላሳኛ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ትንሽ ሰሌዳ ትንሽ ሌንስ ይበቃዋል። ዋጋውም ክብደቱም የቀነሰው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ሰሌዳ የሚቀበለው ብርሃንም ትንሽ ነው፤ ዕዳው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይከፈላል።

ኅዳር በቆቦ ማሽላው ፍሬ ይዞ ለአጨዳ የሚደርስበት ወር ነው። በየእርሻው መካከል በእንጨት የቆመ ማማ አለ፤ በላዩም ወንጭፍ ወይም ጅራፍ የያዘ ጠባቂ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ልጅ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ ሲያባርር ይውላል። ወንጭፉን አዙሮ ሲለቀው ድምፁ ከሜዳው ጫፍ ይሰማል። እኔ ያየሁት ልጅ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው፤ በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ቆሞ ነበር። ከመንገዱ ዳር ሆኜ እጄን አንሥቼ ካሜራውን አሳየሁት፤ እርሱም ጋቢውን ጥሎ ወንጭፉን ማዞር ጀመረ። ከእኔ እስከ እርሱ 150 ሜትር ያህል ይሆናል። በሥዕሉ ላይ የወንጭፉ ገመድ ከትከሻው በላይ ክብ ሠርቶ፥ የልጁም ጥርስ ከሣቁ ጋር ቁልጭ ብሎ ወጣ።

በዚያው እርሻ አጠገብ ያገኘሁት የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ግን ከልጁ ይልቅ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነበር። ከግራሩ ላይ ያረፉትን ወፎች እያሳየ ግሪሳ መሆናቸውን ማወቅ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ግሪሳ በቆላ ገበሬ ዘንድ ስሙ በክፉ ይነሣል፤ መንጋው በሺሕ እየሆነ ይመጣል፤ ከበዛም በአውሮፕላን መድኃኒት እስከ መርጨት ይደረሳል። ነገር ግን ከሩቅ ሲታዩ ትንንሾቹ ወፎች ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ቀርበው ሊያዩአቸው ቢሉ ይበርራሉ። በ60 ሜትር ላይ ሆኜ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁት። ወፏ የሥዕሉን ስፋት ሃያኛ እጅ ያህል ያዘች። የዚህ ካሜራ ሥዕል 16 ሚሊዮን ነጥቦች ስላሉት ያችው ሃያኛ እጅ ቀይ ምንቃሯን ለማየት በቃች። ግሪሳ ነበረች።

ካሜራው በብሉቱዝ አማካይነት ሥዕሉን አሳንሶ ወደ ስልክ ያስተላልፋል። ባለሙያው ሥዕሉን ከእኔ ስልክ ወደ ራሱ ተቀብሎ እዚያው እንደ ቆመ ወደ ወረዳው ላከው። በእኔ ግምት ከካሜራው ሥራ ሁሉ የበለጠው ይህ ነው፤ ለጋዜጠኛና ለቱሪስት ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ለአንድ የልማት ሠራተኛ የሚሰጠው ይበልጣል። ሌንሱ በሰፊው ወገን ሲሆን ደግሞ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ያነሣል። በማሽላው ሥር የምትበቅለዋን አቀንጭራ በዚህ አነሣኋት። አበባዋ ያማረ ነው፤ ሥራዋ ግን ከማሽላው ሥር ምግቡን መምጠጥ ነው። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት ምርጥ የማሽላ ዘሮች አንዱ ጎብዬ ይባላል፤ ያለፍንባት ከተማ ሞክሼ መሆኑ ነው። በዚህ ምርምር ስማቸው የተጠራው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የሩቁን መተው ይሻላል። ፀሐይ ምድሩን ስታግለው አየሩ እንደ ፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ የዞብል ግርጌም የሚቀልጥ ይመስላል። ይህን ችግር የ300 ዶላሩም የ12,000 ዶላሩም ሌንስ አያድነውም። መላው ማልዶ መነሣት ነው። ሌላው መታወቅ የሚገባው ቢ500 በዓይን የሚታይበት ቀዳዳ የሌለው መሆኑ ነው፤ የሚታየው በጀርባው ባለ 3 ኢንች መስተዋት ብቻ ነው። በቆላ ፀሐይ ማንኛውም እንዲህ ያለ መስተዋት ይፈዝዛል። ስለዚህ ባርኔጣ ወይም የነጠላ ጫፍ ጥላ ማድረግ ይረዳል፤ መስተዋቱም ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚታጠፍ ዝቅ አድርጎ መያዝ ይቻላል።

እጅም መጽናት አለበት። በ900 ሚሊ ሜትር ላይ የልብ ትርታ እንኳ ሥዕሉን ያናውጠዋል። ካሜራው መንቀጥቀጥን የሚያበርድ መሣሪያ በሌንሱ ውስጥ አለው፤ ቢሆንም ክርንን ከጎን አጣብቆ፥ ትንፋሽን ይዞ፥ ከተቻለም ከዛፍ ግንድ ተደግፎ ማንሣት ይገባል።

የቆቦ ገበያ ለዚህ መሣሪያ ሌላ ፈተና ነው። ከዞብል ማዶ አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ ይመጣሉ፤ የራያ ጎበዝ ጎፈሬውን አበጥሮ ሚዶውን ሰክቶ ይመጣል፤ ሴቶቹ ሹሩባቸውን በቅቤ አርሰው ይመጣሉ። ሳይታዩ ከሩቅ የማንሣት ፈተና የሚመጣው እዚህ ነው። አንድ ሽማግሌ ከግመሎቹ ዳር በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። መስተዋቱ ላይ እንዳየኋቸው እርሳቸውም አዩኝ፤ በእጃቸው ጠሩኝ። ሄድሁ።

«ልጄ፥ ይህ ነገር ምን ያህል ያያል?» አሉኝ።

«እስከ ዞብል ድረስ ያያል፥ አባቴ።»

«እኔ ዞብል አይደለሁም። እዚህ ነኝ። ለምን መጥተህ አትጠይቀኝም?»

ይቅርታ ጠይቄ መስተዋቱን አሳየኋቸው። ዞብልን ማየት ፈለጉ፤ እኔም ደግፌ ያዝሁላቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ በተራራው ጎን ላይ ያለ አንድ ጎድጓዳ በጣታቸው አመለከቱኝ፤ በልጅነታቸው ከብት ያጠጡበት የነበረ ሸለቆ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ራሳቸው «በል አሁን አንሣኝ» አሉኝ፤ ያነሣኋቸውም በሁለት ሜትር ርቀት፥ ዙሙ ሳያስፈልገኝ ነው።

ሽማግሌው የተናገሩት ቃል ባዶ ቃል አይደለም፤ ይህ አገር ካሜራን የሚያውቀው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከሜዳው በላይ በደጋው፥ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ መቅደላ ሲዘምት የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያቀረበው ፊልም በእንግሊዝ ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን ያነሣውና ማይክል በርክ የተናገረበት የኮረም ፊልም በቢ.ቢ.ሲ. ወጥቶ ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም ከአላማጣ በላይ፥ ከዚሁ ሜዳ አናት ላይ ናት። ፊልሙ እህልና መድኃኒት አስመጥቷል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን የማሽላው ሜዳ፥ ገበያው፥ ጎፈሬው ያለው ጎበዝ በዚያ ፊልም ውስጥ አልነበሩም፤ የውጭ ሰውም ስለ አገሩ ሲጠየቅ ለብዙ ዓመት የሚያስበው ያንኑ አንድ ጠዋት ሆኖ ቀረ። በሥዕሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ስንቱ ሥዕሉን አይቶታል?

ስለዚህ ከመመለሴ በፊት በከተማው ፎቶ ቤት አሳተምሁ። የሽማግሌው በትልቁ ታተመ፤ የማማው ልጅ ፎቶግራፍም ለአባቱ ተሰጠ። አባትየው ሥዕሉን አገላብጦ ካየ በኋላ ከልጁ ይልቅ በስተጀርባው ያለውን ማሽላ ተመልክቶ «ዘንድሮ ይዟል» አለ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ነገር አልፏል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሓ አንበጣ ማሽላውን በላው፤ ከዚያም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለት ጊዜ ቆቦ ደረሰ። ዛሬ ረጅም ሌንስ አውጥቶ በሜዳው ላይ ማነጣጠር እንደ ያኔው ቀላል አይደለም፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምን እንደ ያዙ አይታወቅም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ፤ ከኬላ፥ ከድልድይና ከወታደር ፊት ካሜራውን በሻንጣው ያኑረው።

ለመግዛት ለሚያስብ አንባቢ ጥቂት ልጨምር። ቢ500 ከፋብሪካ መውጣቱ ቆሟል፤ የሚገኘው ያገለገለ ነው። ሲገዙ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ዘርግተው መልሰው ያስገቡት፤ የሚንገጫገጭ ድምፅ ቢሰማ ይተዉት። ነጭ ግድግዳም ያንሡበትና ጥቁር ነጥብ እንዳለው ይዩ፤ ነጥብ ካለ አቧራ ገብቶበታል። ለብርሃን ሰሌዳው ትንሽነት መድኃኒት የለውም፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሩቅ ሥዕል ብጥስጥስ ይላል። ለገጠር ጉዞ ግን አንድ ታላቅ ነገር አለው፤ የሚሠራው ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት በሚገባው በትንሹ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ አራት ይበቁታል። ፋብሪካው በአራት አልካላይን ድንጋይ 600 ያህል ሥዕል ይነሣል ይላል፤ ሌንሱን አዘውትረው ለሚያራዝሙ ከዚያ ያንሳል። በቆቦ መብራት በጠፋ ማታ ባለ ስልኮቹ ሁሉ ቻርጅ ሲፈልጉ እኔ ከሱቅ አራት ድንጋይ ገዛሁ።