መጥረጊያ አከፋፋዩ ደራሲ

የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ከፖሊስ ወይም ከሌባ ሰፈር ካልመጣ ነገሩን ከየት ያገኘዋል? ይህን ብዬ የጃፓናዊውን የሴይቾ ማትሱሞቶን ታሪክ ሳገላብጥ ያገኘሁት መጥረጊያ ነው።

ማትሱሞቶ እ.ኤ.አ. በ1909 ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ ትምህርቱም ሳይገፋ ቀረ። ተላላኪ ሆነ፣ ማተሚያ ቤት ሠራ፣ ኋላም በአሳሂ ጋዜጣ ቅርንጫፍ ቢሮ ማስታወቂያ መንደፍ ያዘ። ዲግሪ የያዙት ሲሾሙ እሱ እዚያው ቁጭ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮሪያ አድርሶ ሲመልሰው ደሞዙ ቤተሰቡን አላጠግብ አለ። ስለዚህ በትርፍ ሰዓቱ በባቡር ከከተማ ከተማ እየዞረ መጥረጊያ አከፋፈለ።

ብዕር ያነሳው 40 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። የመጀመሪያ ታሪኩን ለአንድ መጽሔት ውድድር ላከ፤ ብዙም ሳይቆይ አኩታጋዋ የተባለውን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ። ያሸለመው ታሪክ በጠፋ የደራሲ ማስታወሻ ውስጥ የነበረውን ሲያፈላልግ ዕድሜውን ስለጨረሰ ምስኪን ነው። ማስታወሻው የተገኘው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነበር። ገዳይ የለበትም እንጂ ምርመራው ሙሉ ነው።

በ1957 «ነጥቦችና መስመሮች»ን በተከታታይ ማውጣት ጀመረ፤ ያውም በጉዞ መጽሔት ላይ። ወንድና ሴት በባሕር ዳርቻ ጎን ለጎን ሞተው ይገኛሉ። ፖሊስ «ተዋደው አብረው ሞቱ» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል፣ አንድ አዛውንት መርማሪ ከሟቹ ኪስ የወጣውን የባቡር ምግብ ቤት ደረሰኝ ያነብባል፤ የአንድ ሰው ሒሳብ ነው። ፍቅረኛውን ይዞ የሚጓዝ ሰው ብቻውን ይበላል?

ሁለቱ አብረው ሲሳፈሩ ያዩ ምስክሮች ግን አሉ። በቶኪዮ ጣቢያ ከ13ኛው መሳፈሪያ ሆኖ 15ኛው ላይ የቆመውን ባቡር ማየት የሚቻለው፣ በመሐል ሌላ ባቡር በማይኖርባት አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከ11:57 እስከ 12:01። ምስክሮቹን በዚያች ቅጽበት እዚያ ያቆማቸው ማን ነው? ታክሲ ሰልፍ ላይ ለምውል ለእኔ፣ ከግድያው ይልቅ የሚደንቀኝ ገዳይ የሚተማመንበት የጉዞ ሰዓት መኖሩ ነው።

«የአሸዋ ዕቃ» በተባለው ሌላ ሥራው ደግሞ ስመ ጥር ለመሆን የበቃ ሙዚቀኛ የልጅነቱን ምስጢር የሚያውቅ ደግ ሰው ይገድላል። ማትሱሞቶ በ1992 በ82 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከብዕሩ አልተለየም። የልብ ወለዶቹ ገዳዮች የሚገድሉት እብደት ይዟቸው ሳይሆን ስማቸውንና ወንበራቸውን ለማቆየት ነው። «ነጥቦችና መስመሮች» ውስጥ ግድያውን ካመጣው ሙስና ጀርባ ያለው ባለሥልጣን ወኅኒ አይወርድም፤ የተሻለ ቦታ ተሰጥቶት ይዛወራል። አለቆች ሲሾሙ ከታች ሆኖ ለኖረ ጸሐፊ ይህን መፍጠር የሚከብድ አይመስለኝም።