ከደሴ እስከ ደሴት

ደሴ፣ አያቴ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የእናቴ ታናሽ እህት እቴቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን ነፋስ እየበተነባት፣ ለሰማያዊ ባሕር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ራቅ ብሎ ከባሕሩ ውስጥ አንድ ትልቅ አለት ብቅ ብሏል። ግራ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ቀኝ እጇ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ስለሆነ አይታይም። ፎቶው በ2007 ዓ.ም. ከግሪክ አገር ሲደርሰን አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከቤቱ ልጆች «የእጅ ጽሕፈቷ ያምራል» ተብዬ ከጀርባው እንድጽፍበት ለኔ ተሰጠኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እቴቴ በዕረፍት ላይ፣ ግሪክ።»

ሳላውቀው የመጀመሪያ የፎቶ መግለጫዬን ጻፍኩ ማለት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ መግለጫ ነው። እግረ መንገዴንም አንዲት የግሪክ ደሴት አስጎበኛችኋለሁ፤ አንባቢ ሆይ፣ ጫማህን አጥብቅ፣ መንገዱ ዳገት ነው።

ከዚያ ፎቶ በኋላ በየክረምቱ ቤታችን ውስጥ «እቴቴ ደሴት ሄደች» ይባላል። ደሴት የሄደ ሰው ደግሞ ገንዘብ አለው። የአያቴ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ፣ የአጎቴ ልጅ ሲያገባ፣ ሁሉም ስልክ ይደውላል። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን «አንቺማ ባሕር ዳር ፈታ እያልሽ ነው፣ የኔ ላፕቶፕስ?» ብዬ ጽፌላታለሁ። መልስ አልሰጠችኝም። ከሦስት ወር በኋላ ላፕቶፑ መጣ። ይኼንንም ጽሑፍ የምጽፈው በሱ ነው።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. እቴቴ ጋ አቴንስ ሄድኩ። ቪዛው እንዴት እንደተገኘ ራሱን የቻለ ድርሰት ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። እቴቴ ዛሬ የምታጸዳው ቢሮ እንደ ብዙዎቹ የአቴንስ ቢሮዎች በነሐሴ አጋማሽ ይዘጋል። ስለዚህ ጥቂት የዕረፍት ቀናት ነበሯት። «የት እንሂድ?» ስትለኝ አላመነታሁም። «ፎቶው ወዳለበት!»

የደሴቲቱ ስም ፓትሞስ ነው። ለኛ ግን ሌላ ስም አላት፤ ፍጥሞ። አዎ፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ ተሰዶ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ! ልጅ ሆኜ ይኼ ስም በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ በሰማይ ያለ አገር ይመስለኝ ነበር። ለካ የመርከብ ትኬት ይቆረጥለታል። 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና ሦስት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሌላት ትንሽ ደሴት ናት። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ በትልቅ መርከብ ስምንት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል።

መርከቡ ላይ ስልኬን አውጥቼ ያዘጋጀሁትን ዝርዝር ለእቴቴ አነበብኩላት። ርዕሱ «በፍጥሞ መደረግ ያለባቸው አሥር ነገሮች» ነው። ዋሻው፣ ገዳሙ፣ የነፋስ ወፍጮዎቹ፣ ባለ ቀለም ጠጠሩ የባሕር ዳርቻ፣ ወዘተ።

«አንቺ ዘጠኝ ክረምት ስለኖርሽበት የትኛው ይበልጣል?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «መድኃኒት ቤቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ» አለችኝ። «ሐኪሙ ስንት ሰዓት እንደሚገባ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ አገሩ ሲተኛ የትኛው ግንብ ጥላ እንዳለው አውቃለሁ። ዋሻውን ግን አላየሁትም።»

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እቴቴ አቴንስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ታስታምም ነበር። «ያያ» ትላታለች፤ በግሪክኛ አያት ማለት ነው። የያያ ቤተሰቦች ፍጥሞ ላይ ቤት ነበራቸውና በየክረምቱ ሁሉም ወደዚያ ይወርዳሉ። እነሱ ሲዋኙ፣ እነሱ በጀልባ ሲሄዱ፣ እቴቴ ከያያ ጋ ናት። ማብላት፣ ማጠብ፣ ክኒን በሰዓቱ መስጠት፣ ሌሊት ተነስቶ ማገላበጥ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እቴቴም ክፉ አታወራባቸውም። ግን ያያን ለአንድ ሰዓት ትቶ የሚኬድበት ቀን አልነበረም። ዘጠኝ ክረምት። ያያ በ2016 ዓ.ም. አረፈች።

በማግስቱ ማለዳ ዝርዝሬን ከአንድ ቁጥር ጀመርን። ወደቡ ያለበት ከተማ ስካላ ይባላል፤ የጥንቷ ከተማ ኾራ ደግሞ ተራራው አናት ላይ ናት። ሁለቱን የሚያገናኝ በድንጋይ የተነጠፈ የበቅሎ መንገድ አለ። አውቶቡስም ታክሲም አለ፣ ግን በእግር ውጡት። በጠዋት ከሆነ ፀሐዩ አይጎዳም፣ ወደኋላ ዞር ባላችሁ ቁጥር ወደቡ እያነሰ ይሄዳል። የጦሳን ዳገት ለወጣ የደሴ ልጅ ይኼ ምንም አይደለም፤ ቢሆንም እቴቴ ቀድማኝ ወጣች።

የራእዩ ዋሻ በዚህ መንገድ አጋማሽ ላይ ነው። ከውጭ ስታዩት ነጭ ሕንፃ እንጂ ዋሻ አይመስልም። ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ትወርዳላችሁ፣ አበባ ያለበት ግቢ ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ግማሹ አለት ግማሹ ቤተ መቅደስ የሆነ ጠባብ ቦታ ትገባላችሁ። በትውፊቱ መሠረት ዮሐንስ ሲናገር ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ይጽፍ ነበር። ራሱን ያሳረፈበት ነው የሚባለው የአለት ጉድጓድ ዙሪያው በብር ተለብጧል። ጣሪያው ላይ አለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላሉ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ረዘም ያለ ቀሚስ ወይም ሻሽ ይዛችሁ ሂዱ። እቴቴ ለሁለታችንም ነጠላ ይዛ ነበር።

እኔ አሥር ደቂቃ ያህል አይቼ ጨረስኩ። እሷ ግን ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ቱሪስቱ በቡድን ገብቶ ወጣ፣ ሌላ ቡድን ገባ፣ ወጣ። እሷ አልተነቃነቀችም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ስንወጣ ፀሐዩ ከሮ ነበር።

ግንቡ ላይ አረፍ ብለን ባሕሩን እያየን «ዮሐንስ እኮ እንግዳ አይደለም፣ ግዞተኛ ነው» አለችኝ። «መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አዲስ ምድር ያያል አይደል? እዚያ ምድር ላይ ባሕር የለም። ያኔ ያያ ስትተኛ በረንዳው ላይ ሆኜ ይኼን ውኃ ሳይ፣ ከእማዬ የለየኝ እሱ ነው እል ነበር። ለምን ባሕር የሌለበት አገር እንደታየው ገባኝ።»

እኔ ደሴ ሆኜ የቀናሁበት ውኃ ይኼው ነበር።

ኾራ ስንደርስ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ከነጫጭ ቤቶች መሐል እንደ ምሽግ ቆሞ ተቀበለን። በ1088 እ.ኤ.አ. ክሪስቶዱሎስ የተባለ መነኩሴ ከንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ቀዳማዊ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን በስጦታ ተቀብሎ የመሠረተው ነው። ግንቡ ያንን ያህል የወፈረው የባሕር ወንበዴ ይፈራ ስለነበር ነው። ዩኔስኮ በ1999 እ.ኤ.አ. ገዳሙን፣ ዋሻውንና ኾራን በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማርቆስ ወንጌል ቅጠሎች አሉ፤ በገዳሙ የቀሩት 33 ናቸው። እዚያ ቆሜ የኛን የአባ ገሪማ ወንጌል አሰብኩ። የብራናው ዕድሜ ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የዋለው። የዚህኛው የዘመን ባልንጀራ ነው ብንል አናጋንንም። ታዲያ ደረቴን ነፋ ማድረጌን አልደብቃችሁም።

ምሳ ላይ የገጠመን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ወቅቱ ፍልሰታ ነው፣ እኛ ጾመኞች ነን። ግሪኮች የእመቤታችንን ጾም ከኛ ስድስት ቀን ቀድመው ጀምረው ነሐሴ 9 ቀን በታላቅ በዓል ይፈስካሉ። እኛ ገና ሳምንት ይቀረናል። በጾማቸው ደግሞ ኦክቶፐስ ይበላሉ! ደም የለውም ነው ምክንያቱ። እንደ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳየው የኔ ጾም ይበልጥ ጠነከረ። እቴቴ ግን መላውን ታውቃለች፤ «ፋቫ በሉ» አለች። ቢጫ ክክ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ፈሶበት ይመጣል። ምን አለፋችሁ፣ እርድ የጎደለው ክክ አልጫ ነው። ላልጾመ ሰው የደሴቲቱን የአይብ ኬክ ይቅመስ እላለሁ፤ ቲሮፒታ ይሉታል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ላምቢ እንሂድ አልኩ። በሰሜን በኩል ያለ፣ በባለ ቀለም ጠጠር የታወቀ የባሕር ዳርቻ ነው። እቴቴ በመስኮት ቀና ብላ የዛፉን ቅርንጫፍ አየችና «ዛሬ አይሆንም» አለች። ሜልቴሚ የሚሉት የክረምት የሰሜን ነፋስ ነው። እሱ ሲነፍስ የሰሜኑ ዳርቻ ማዕበል ነው፣ የደቡብ ምሥራቁ ግሪኮስ ግን ጸጥ ይላል። ለያያ ሳል ስትል ዘጠኝ ክረምት የነፋስ አቅጣጫ ስታነብ ኖራለች። ዝርዝሬ ይኼን አይልም ነበር። ላምቢ የሄድነው ነፋሱ ሲቆም ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ ጠጠር እግራችሁ ሥር ይንኳኳል። ማየት እንጂ ወደ ቤት መውሰድ አይፈቀድም፤ እኔም ኪሴን ባዶ አድርጌ ተመለስኩ።

በዚያ በነፋሱ ቀን ግን ግሪኮስ ሄድን። ከስካላ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ባሕሩ እንደ ገበቴ ውኃ የተኛ፣ ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ገና ከአውቶቡስ ስወርድ አለቱን ለየሁት። ካሊካትሱ ይሉታል፣ ደረጃና ጉድጓድ የተፈለፈለበት ትልቅ ቋጥኝ። አያቴ ቤት ከቴሌቪዥኑ በላይ ስንት ዓመት ያየሁት አለት!

«የት ጋ ቆመሽ ነበር?» አልኳት። ወስዳ አሳየችኝ። እኔ ፎቶ አንሺው በቆመበት ቆምኩ፣ እሷ እሷ በቆመችበት። ግራ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ቀኝ እጇን ግን ወደ ጎን ዘርግታ ባዶ አየር ያዘች።

«ምን ይዘሽ ነበር?»

«ዊልቸሩን ነዋ። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ከለቀቅሁት ይሄዳል። ያያ በዊልቸር ላይ ሆና ፎቶ መነሳት አትወድም፤ ልጁ እሷን አስቀርቶ እኔን ብቻ አነሳኝ።»

በዲፓርትመንታችን ፎቶ አይዋሽም ወይስ ይዋሻል እያልን እንከራከራለን። ያ ፎቶ ቃል አልዋሸም። ዋሽቶ የነበረው መግለጫው ነው፤ መግለጫውን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በሱ የተነሳ ስንቱን እንደጠየቅናት እዚያው ቆሜ ቆጠርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ጫማዋን አውልቃ ወደ ውኃው ጀምራለች።

ሁለታችንም ዋና አንችልም። ለዘጠኝ ክረምት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ገብታ አታውቅም፤ ያያን ማን ይይዛል? እጅ ለእጅ ተያይዘን ቀስ እያልን ገባን። ጉልበት፣ ጭን፣ ወገብ። ውኃው ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ሥሩ ያሉት ጠጠሮች ይቆጠራሉ። እቴቴ እንደ ሕፃን ጮኸች። ከዚያ እኔን ወደ ዳር መለሰችና «በይ አሁን አንሺኝ፣ ሁለቱ እጆቼ ይታዩ» አለች።

እኔም አነሳኋት። ከአሥሩ ስድስቱን አይተን ሳንጨርስ መርከባችን ደረሰ። የነፋስ ወፍጮዎቹንና የገዳሙን አባት በጸሎተ ሐሙስ በአደባባይ የአሥራ ሁለት መነኮሳት እግር ሲያጥቡ ማየት ለሌላ ጊዜ ይሁን፤ ፍጥሞን በሰሙነ ሕማማት የሚያገኝ ካለ ይኼ እንዳያመልጠው።

ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ደሴ ነው። አዲሱን ፎቶ አሳጥቤ ለአያቴ ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ አየችውና «ይቺ ልጅ አርጅታለች» አለች። ቀጥላም «ደክሟት ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያንን ጥያቄ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

መምህሮቻችን እርማት ስህተቱ በወጣበት ቦታ ይውጣ ይሉናል። የቆየውን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩና ገለበጥኩት። የአራተኛ ክፍል ጽሕፈቴ አሁንም ያምራል። በአንድ መስመር ሰረዝኩትና ከሥሩ ጻፍኩ፦ «እቴቴ በሥራ ላይ፣ ግሪኮስ፣ ፍጥሞ፣ 2007 ዓ.ም.። በቀኝ እጇ የያያን ዊልቸር ይዛለች።»

ሁለቱም ፎቶዎች አሁን ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ደሴ ብቅ ካላችሁ ጎራ በሉ፣ ቡና አለ።